አፍ ሙሉ ስፒል

ሰፈሩ ሁሉ ክብሪት ነበር የሚላት። ስሙን ማን እንዳወጣላት በውል አይታወቅም፤ እሷ ባሏን ትጠረጥራለች፣ ባሏ ደግሞ ጎረቤቱን። ያወጣላት ሰው ግን አልተሳሳተም። ልብስ ሰፊ ናት። እጇ የተባረከ፣ ልቧ የዋህ ነው፤ አፏ ግን ጫር ካደረጉት ቦግ ይላል። ቦግ እንዳለች ደግሞ ወዲያው ትበርዳለች፣ ቂም የሚባል ነገር አታውቅም። ችግሩ፣ እሷ በርዳ ሥራዋን ስትቀጥል የተቃጠለው ሰው ገና እየጨሰ መሆኑን ልብ አትልም።

ሱቋ ከመንገድ ዳር፣ በፀጉር አስተካካዩና በቁልፍ ቀራጩ መካከል ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ክፍሏን ከእናታቸው የወረሱት እሷና ታናሽ እህቷ ናቸው። ሥራውን ተከፋፍለውታል። ታናሽየዋ ደንበኛ ትለካለች፣ በጠመኔ ታሰምራለች፣ ጨርቅ ትቆርጣለች፤ ክብሪት ደግሞ በመኪና ትሰፋለች፣ ትዘመዝማለች፣ ልብሱ ሰው ላይ ሲሞከርም ስፒል ትሰካለች። እናታቸው ስትሞት ታናሽየዋ ገና ትንሽ ነበረች። ያሳደገቻት፣ መቀስም ያስያዘቻት ክብሪት ናት። ዛሬ አድጋ የራሷን ቤት ተከራይታ ብትኖርም ለክብሪት አሁንም "ልጅቷ" ናት።

ልጅቷ ሲከፋት አትመልስም። ሆድ ይፍጀው ትልና መቀሷን ታነሳለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የዚህች ልጅ ዝምታ ግን ውስጥ ውስጡን መንቀዝ ከጀመረ ቆይቶ ነበር። ክብሪት ይህን አላወቀችም። እንደሷ አስተሳሰብ የተናደደ ሰው ይጮሃል፤ ካልጮኸ አልተናደደም።

በዚያ ሰሞን ክብሪትን ራሷን ያዞራት ጀመርና ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ የደም ግፊቷን ለክታ ቅንድቧን ከፍ አደረገች። መድኃኒቱን ካዘጋጀችላት በኋላ "ሲናደዱ ምን ያደርጋሉ?" ስትል ጠየቀቻት።

"እናገራለሁ።"

"ከመናገርዎ በፊትስ?"

ክብሪት አሰበች። ከመናገሯ በፊት የሚሆን አንዳች ነገር ሊታወሳት አልቻለም።

"እንግዲህ እዚያ ጋ ትንሽ ቦታ ያብጁ" አለች ነርሷ። "ንዴቱ ሲመጣ ትንፋሽዎን ያዳምጡ። ሰውነትዎ የት ጋ እንደሚግል፣ የት ጋ እንደሚጨመደድ ልብ ይበሉ። አይታገሉት፣ አያባርሩት፤ ዝም ብለው ይዩት። የሚናገሩት ነገር ካለ ከዚያ በኋላም ይደርሳል።"

እቤቷ ገብታ ለባሏ ነገረችው። "ንዴቴን ቁጭ ብዬ እንድመለከተው ነው የነገረችኝ። ሲኒማ ነው እንዴ?"

ባልየው ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ እሱም እንደ ሥራው ቀዝቀዝ ያለ ሰው ነው። "እኔ ከተጋባን ጀምሮ እያየሁት ነው፤ ይኸው ግፊቴ ደህና ነው" አላት።

መሞከሩን ሞከረችው። በማግስቱ ቁልፍ ቀራጩ ሞተር ሳይክሉን እንደ ልማዱ በሯ ላይ ገትሮት አገኘች። ቆም አለችና ትንፋሿን በረጅሙ ሳበች። የሳበችውን አየር ግን አንዳች ሳታባክን በሙሉ ለስድብ አዋለችው። ቁልፍ ቀራጩ ራሱ ከወትሮው ረዘም ያለ ስድብ መሆኑን ለፀጉር አስተካካዩ መስክሯል። ክብሪትም የነርሷ ምክር ለሷ የተሠራ እንዳልሆነ ቆጥራ ተወችው።

ዋናው ነገር የመጣው በአንድ ካፖርት ነው። ክብሪት ጤና ጣቢያ በሄደችበት ቀን ጡረታ የወጡ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ወደ ሱቁ መጥተው ነበር። ሴት ልጃቸው ከሩቅ የላከችላቸውን ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ጨርቅ ይዘው፣ ካፖርት እንዲሠራላቸው ጠየቁ። የለካቻቸው ታናሽየዋ ናት። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ የግራ ክርናቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ሲነዱ ስለኖሩ ግራ ትከሻቸው ወደ ላይ ወጥቶ እዚያው ቀርቷል። ልጅቷ ይህን አየች። ሰውየው እንዳያፍሩ አንዲት ቃል ሳትናገር የግራውን ወገን ከቀኙ አንድ ጣት ያህል አስረዝማ ቆረጠችው፤ ካፖርቱ ሳይጎትታቸው ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ነው። ለእህቷም አልነገረቻትም። ብትነግራት "ይህን ደግሞ ማን ያጣዋል?" እንደምትባል ታውቃለች።

ክብሪት ደግሞ አንድ አመል አላት። ልጅቷ የቆረጠችውን ሁሉ፣ ከመስፋቷ በፊት አንገቷ ላይ በሚንጠለጠለው ሜትር ደግማ ትለካዋለች። ልጅቷ መቀስ ከያዘችበት ጊዜ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ስህተት አግኝታ ታውቅ እንደሆነ ብትጠየቅ፣ ድሮ ድሮ እንጂ ከዚያ ወዲህ አላገኘችም። ግን ትለካለች፤ ሰው በሩን ቆልፎ እጀታውን ደግሞ ሳብ እንደሚያደርገው ነው።

ሐሙስ ጠዋት ልጅቷ ገበር ልትገዛ ራቅ ወዳለው ገበያ እንደሄደች ክብሪት የካፖርቱን ጨርቅ ለካችው። የግራው ረዘመባት። ደግማ ለካች፤ አሁንም ረዘመ። ይኸው ያዝኳት ብላ ደስ አላት፤ እውነቱን መናገር ይሻላል፣ ደስ ብሏታል። መቀሷን አንስታ የግራውን ከቀኙ ጋር እኩል አደረገችው። ብጣሹንም ቅርጫት ውስጥ ጣለችና "ሰሞኑን የዚች ልጅ ልብ እዚህ የለም" እያለች ወደ መኪናዋ ዞረች።

ከሰዓት በኋላ ሹፌሩ ሊሞክሩት መጡ። ክብሪት ካፖርቱን አልብሳቸው መስተዋቱ ፊት አቆመቻቸውና ግርጌውን ልታስተካክል በጉልበቷ ተንበረከከች። እንደ ሰፊ ሁሉ ስፒሎቹን በከንፈሮቿ መካከል ይዛቸዋለች፤ አንድ በአንድ እያወጣች ነው የምትሰካው። ካፖርቱ ግን አልታዘዝ አለ። የግራው ግርጌ ሽቅብ ተሰቅሏል፣ ከኮሌታው እስከ ደረታቸውም አንድ ረጅም መጨማደድ ተጋድሟል።

"ቆንጆ ነው ልጄ" አሉ ሹፌሩ፣ ጨዋ ሰው ስለሆኑ። "ብቻ ትንሽ ወደ ግራ ይስባል። አውቶቡሴም የግራ ጎማዋ ሲጎድል እንዲህ ያደርጋት ነበር።"

በዚህ መካከል ልጅቷ ገበሩን በብብቷ ይዛ ገባች። አንድ እግሯ ደጃፉ ላይ እንዳለ ቆመች። ቀረብ ብላ የካፖርቱን ግራ ትከሻ በጣቷ ዳሰሰችው።

"ማነው የነካው?" አለች። "እትዬ፣ ቆረጥሽው?"

መልሱ ክብሪት ጉሮሮ ላይ ደርሷል። ጠማማውን አቀናሁልሽ እንጂ ምን አደረግኩ የሚል ነው፤ ከኋላውም ሌሎች ተሰልፈዋል። ግን አፏ ሙሉ ስፒል ነው። አፏን ብትከፍት ግማሹን ትውጠዋለች፤ አንድ በአንድ ለማውጣት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ወዳ ሳይሆን ተገዳ በአፍንጫዋ ተነፈሰች።

ያን ጊዜ ታየት። መጀመሪያ ጆሮዋ ጋለ፣ ቀጥሎ አንገቷ። ጥርሷን ነክሳለች። የካፖርቱን ግርጌ የያዘው እጇ ጨርቁን ሊቀደው ምንም አልቀረው። ነርሷ ያለችው ይኼ ነው እንዴ ብላ ተገረመች፤ ንዴቷን ስትኖርበት እንጂ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። ዓይኗም አንድ ቦታ ማረፍ ነበረበትና መስተዋቱ ላይ አረፈ። የሹፌሩን ትከሻ እዚያ አየችው፤ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። ከትከሻቸው በላይ ደግሞ የእህቷ ፊት አለ። ዝም ያለ ፊት እንደሆነ ነበር የምታውቀው። አሁን ስታየው ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል።

ስፒሎቹን ከአፏ እያወጣች ትንሿ ትራስ ላይ ሰካቻቸው። የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ ጉሮሮዋ ላይ የነበረው መልስ ቀዝቅዞ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለች። "እኔ ነኝ የቆረጥኩት።"

ልጅቷ የጠበቀችው ሌላ ነበር። ሹፌሩ አንዴ አንደኛዋን አንዴ ሌላዋን አዩና ካፖርቱን ቀስ ብለው አወለቁ። "ለእኔ ትከሻ ብላችሁ አትጣሉ ልጆቼ፤ እሱ ከእኔም ጋር ተስማምቶ አያውቅ" አሉ። ልጅቷ ቅዳሜ እንዲመጡ ለምና ሸኘቻቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለውን ተረት ክብሪት በልቧ ለራሷ ተረተችው።

በሩ እንደተዘጋ ልጅቷ ገበሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ሰኞ ሌላ ቦታ ሥራ እጀምራለሁ" አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። "ልብስ ፋብሪካው በቆራጭነት ቀጥሮኛል። ልነግርሽ ስል ስንት ጊዜ ሆነኝ፤ አፌን በከፈትኩ ቁጥር አንቺ ትጮሂያለሽ።"

አሁን ክብሪት አፍ ውስጥ ምንም የለም። ቃላቱም የታወቁ ናቸው፤ ያሳደግኩሽ እኔ፣ መቀስ ያስያዝኩሽ እኔ፣ እናታችን ይህን ብታይ። ተራቸውን ጠብቀው ምላሷ ጫፍ ላይ ቆመዋል። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንደሆነ ታውቃለች፤ ልጅቷ እነዚህን ሰምታ ከወጣች ለሥራ ብቻ ሳይሆን ለሰላምታም እንደማትመለስ በዚያች ቅጽበት ገባት። እህት ሌላ የላትም። እጇ ወደ ትንሿ ትራስ ሄደ። ያገኘችውን ያህል ስፒል ነቅላ አፏ ውስጥ ጨመረችው።

ልጅቷ ዞር አለች። "አሁን ደግሞ ምን ልትሰፊ ነው?"

ክብሪት ራሷን በአሉታ ነቀነቀችና በእጇ ቀጥዪ የሚል ምልክት አሳየቻት።

"እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"እምም" አለች ክብሪት፣ ወንበር እየሳበች።

ልጅቷ ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። ግን የያዘችው ከሳቅ ይበልጥ ነበርና እሱ ወጣ። "አንድም ቀን ሳትለኪው ሰፍተሽ አታውቂም" አለች። "አንድም ቀን። ደንበኛ ፊት ሜትርሽን ታወርጂና ትለኪዋለሽ። እኔ እዚያው ቆሜ። ስህተት ባላገኘሽ ቁጥር እንኳ ጎበዝ አትዪም፣ ዝም ብለሽ ትሰፊያለሽ። እኔ የሰውየውን ትከሻ እንዳያፍሩ ብዬ ተጨንቄ የሠራሁትን፣ አንቺ ሰውየውን ሳታዪ በመቀስ ቆረጥሽው። ፋብሪካ የምሄደው እዚያ ጥሩ ስለሆነ አይደለም። ጩኸት ነው፣ አውቃለሁ። ግን እዚያ እኔ የቆረጥኩትን የሚሰፋው ሰው አያውቀኝም፤ ሳያውቀኝ አምኖኝ ይሰፋዋል። አንቺ ግን ታውቂኛለሽ።"

ክብሪት ተቀምጣ ተነፈሰች። ንዴቱ መጣ፣ ወደ ጆሮዋ ወጣ፤ ማገዶ የሚጨምርለት ሲያጣ በራሱ ወረደ። እንደገና መጣ፣ እንደገና ወረደ። ይህን ያህል ዘመን አብሯት ሲኖር መውረድ እንደሚችል አታውቅም ነበር። ከሥሩም ሌላ ነገር አገኘች፤ ፍርሃት። ልጅቷ ትንሽ ሳለች ጨርቅ አበላሽታ ከሰው ፊት እንዳታፍር ብላ ነበር መለካት የጀመረችው። ልጅቷ ስታድግ ማቆሙን ረሳችው። አሁን የምትፈራው ይህች ልጅ ወጥታ እንዳትቀር ነው።

ስፒሎቹን አወጣች።

"እውነትሽን ነው" አለች።

"ምን አልሽ?"

"እውነትሽን ነው። አበላሸሁት። አንቺ ያየሽውን አላየሁም፣ ልጠይቅሽም አልፈለግኩም። ደግሞ እንዳትሄጂብኝ ፈርቻለሁ።"

ልጅቷ ቀረብ ብላ አየቻት። "አሞሻል እንዴ?"

"ግፊት ነው" አለች ክብሪት። ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ግን ነገሩን አልጨረሰውም፤ ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ስትወጣ ሰኞ እሄዳለሁ ያለችውን አልመለሰችውም።

እቤት ስትገባ ክብሪት በሐሳብ ተውጣ፣ ማምሻውን ለሌላ ሥራ የያዘቻትን አንዲት ስፒል ከንፈሯ ላይ ረስታት ነበር። ባልየው አየና አጋጣሚው እንዳያመልጠው ፈጠን ብሎ ተቀመጠ። ሬዲዮውን ጠዋት ጠዋት ለምን እንደምታስጮኸው፣ ካልሲዎቹን ለምን በየቦታው እንደምትሸጉጥበት፣ ከሠርጋቸው ማግስት ጀምሮ ያጠራቀመውን በሙሉ አቀረበ። ክብሪት እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሲጨርስ የሬዲዮው ነገር ልክ እንደሆነ፣ የካልሲው ግን ውሸት እንደሆነ በለሆሳስ ነገረችው። ባልየው በዚያ ምሽት ሁለት ጊዜ ደህና ነሽ ወይ ብሎ ጠይቋታል።

ዓርብ ለካፖርቱ መላ ተፈለገለት። ያን ጨርቅ የሚመስል በከተማው አይገኝም፤ የተረፈው ከክንድ የማይበልጥ ቁራጭ ነው። ልጅቷ ቁራጩን አገላብጣ ካየችው በኋላ፣ የካፖርቱን ላይኛ ክፍል ከሁለቱም ትከሻ ላይ አንስታ በዚሁ ቁራጭ ልትተካው ወሰነች። ስፌቱ በጀርባ ዞሮ ደረት ላይ ሲመጣ ሆን ተብሎ የተደረገ ጌጥ ይመስላል፤ የጎደለውም አንድ ጣት በውስጡ ይመለሳል። አሰመረች፣ ቆረጠች፣ ቁራጮቹን መኪናው አጠገብ አስቀመጠችና ቆመች። አልሄደችም።

የክብሪት እጅ ወደ አንገቷ ተነሳ። ሜትሩን ነክቶ ሳለ አየችው። ተሳስታ ከሆነስ? ሌላ ጨርቅ የለም፤ እኚያ ሽማግሌ ምን ይባላሉ? ሐሳቡ ሲመጣ ደረቷ ጠበበ፣ መዳፏ አላበው። መጥበቡንም ማላቡንም ልብ አለቻቸው። እጇ ላይ ብትቀመጥበት ደስ ባላት፤ ግን የሚሰፋውም ያው እጅ ነው። ከሜትሩ ላይ አውርዳ ጨርቁን ሳበችና መኪናውን አስነሳች። ያን ስፌት ስትሰፋ የተሰማት ጭንቀት ከምጥ አይተናነስም። ቀና ስትል ልጅቷ ጠረጴዛዋ ጋ ተመልሳ ጠመኔ እየሞረደች ነበር፤ ዓይኗ ግን ቀላ ብሏል።

ቅዳሜ ሹፌሩ መጥተው ለበሱት። ካፖርቱ ከትከሻቸው እስከ ጉልበታቸው ቀጥ ብሎ ወረደ። ሽማግሌው መስተዋቱ ፊት ወዲያ ወዲህ አሉ። ትከሻቸውን ነካ አደረጉ፤ "ይኼ ቀጥ ያለ ሰውዬ ማነው?" አሉ። የማን እጅ እንደሆነም ጠየቁ።

"ቅዱ የሷ ነው" አለች ክብሪት። "ትከሻዎንም ያየችው እሷ ናት። እኔ የሰጠችኝን ነው የሰፋሁት።"

ሰውየው ከሄዱ በኋላ ለእህቷ ያሰበችውን ነገረቻት። "ሰኞ ብትሄጂ አልቆጣም። እውነቴን ነው፤ ቅር ይለኛል፣ ግን አልቆጣም። ከሥራ ስትወጪ እዚህ በኩል እለፊ፣ ዓይንሽን ልየው።"

"እሺ" አለች ልጅቷ።

ሰኞ ክብሪት ሱቁን ብቻዋን ከፈተች። ሞተር ሳይክሉ በሯ ላይ ነበር። "ወንድሜ፣ ትንሽ ጠጋ ታደርግልኛለህ?" አለችው ቁልፍ ቀራጩን። ሰውየው ምን ሊመጣብኝ ነው ብሎ በመስጋት ከመንገዱ ማዶ ወስዶ አቆመው። ክብሪት ገብታ ተቀመጠች። ቀሚስ ልትዘመዝም ጀመረችና ተወችው። ስልኳን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ብትደውል ምን እንደምትል ታውቃለች፤ የት ነሽ ብላ ጀምራ መጨረሻው ስድብ ይሆናል። ፍርሃቱ ደረቷ ላይ እንደተቀመጠ እሷም ተቀመጠች። ዛሬ ስፒል እንኳ አላስፈለጋትም፤ የምትቆጣው ሰው የለም። ጎኗ ያለው ባዶ ቦታ ብቻ ነው።

ረፈድ ብሎ በሩ ተበረገደ። ልጅቷ ናት። ሰላምታ የለ፣ እንዴት አደርሽ የለ፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ክፍሉን ቃኘችው።

"ይኼ ጠረጴዛ" አለች።

"ምን ሆነ?"

"እዚህ ጥግ ምን ይሠራል? ጨለማ እኮ ነው። እናታችን ያስቀመጠችበት ነው እያልሽ ስንት ዘመን በገዛ ጥላዬ ላይ ስቆርጥ ኖርኩ። ዓይኔ ሊጠፋ ነው። ያ መደርደሪያም ዞር ባልኩ ቁጥር ክርኔን ይለኛል። ካውያውን ደግሞ ከራሴ በላይ የሰቀለው ማነው? አንድ ቀን ሊገድለኝ ነው።"

ድምፁ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ መላጫውን እንደያዘ አንገቱን ብቅ አደረገ፤ ክብሪት ናት ብሎ ነበር፣ የታናሽየዋ መሆኑን ሲያይ አፉን ይዞ ተመለሰ።

የክብሪት ጆሮ ጋል ማለት ጀምሯል። ጠረጴዛው እናታቸው ካስቀመጠችበት ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ጆሮዋ ሲግል ሰማችው፣ አንድ ጊዜም ተነፈሰች፤ ያን ጊዜ እህቷ ምን እያለቻት እንደሆነ ገባት። የሚሄድ ሰው ጠረጴዛው የትም ቢቀመጥ ምን ግዱ ነው? ደስታው ከሆዷ ተነስቶ ዓይኗን ሞላው። ልጅቷ ግን አላየቻትም፤ ስለ መጋረጃው ጀምራለች።

ክብሪት ቀሚሱን አስቀመጠች። ተነስታ እጅጌዋን ሰበሰበችና የጠረጴዛውን አንድ ጫፍ ያዘች።

"ወዴት እናዙረው?" አለች።